የተነፋ በሬ ፊት፦ በድንገተኛ የእንስሳት ሕክምና አብሮ መወሰን

በመስከረምና በጥቅምት፣ በደጋው መስክ ላይ ማገጥ ለምልሞ ጤዛው ገና ሳይረግፍ፣ የወረዳ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ስልክ በማለዳ ይጮኻል። ደዋዩ ብዙ አያወራም፤ «በሬዬ ተነፍቷል፣ ቶሎ ድረሱልኝ» ብሎ ይዘጋል። እርጥብ ማገጥ በብዛት የበላ በሬ ጨጓራው ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ ከአረፋ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቀር ማግሳት ይሳነዋል፤ የተወጠረው ጨጓራ ሳንባውን ሲጫነው ደግሞ በጥቂት ሰዓታት፣ አንዳንዴም በአንድ ሰዓት ገደማ ሊሞት ይችላል። ሕክምናውን ማንኛውም የእንስሳት ሐኪም በትምህርት ቤት ተምሮታል። ያልተማረው፣ ባለቤቱ እያለቀሰና ጎረቤት እየጮኸ ሦስት ባለሙያዎች እንዴት እንደ አንድ ሰው ሊያስቡ እንደሚችሉ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ ላይ ሲሆን፣ በተለይ ለአዲስ ተመራቂዎችና ለእንስሳት ጤና ረዳቶች የተዘጋጀ ነው።

ውሳኔው በስልክ ይጀምራል

ስልኩን ያነሳው ባለሙያ ደዋዩ ከመዝጋቱ በፊት አራት ነገሮችን መጠየቅ አለበት፦ እንስሳው ቆሟል ወይስ ወድቋል፣ ምን በልቶ ነው፣ እስካሁን በአፉም ሆነ በመርፌ የተሰጠው ነገር አለ ወይ፣ በአካባቢው በድንገት የሞተ ሌላ ከብት አለ ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ አባ ሰንጋን ለመጠርጠር ስለሚረዳ በፍጹም መዘለል የለበትም። ጥያቄው እየተጠየቀ ሌላው ባለሙያ ሣጥኑን ይፈትሻል፤ የሆድ ቱቦ፣ አፍ መክፈቻ፣ ትሮካር (ጨጓራን ከውጭ የሚበሳ ሹል መሣሪያ) ከነማቀፊያው፣ ማለትም ጋዙ ከሚወጣበት ቱቦው ጋር፣ ምላጭ፣ ጓንት፣ ሳሙናና ቢያንስ አንድ ሊትር የምግብ ዘይት መኖራቸውን በዓይኑ ያያል። ለባለቤቱ ደግሞ ሐኪሙ እስኪደርስ ድረስ በሬውን የፊት እግሮቹ ከፍ ወዳለው ቦታ እንዲሆኑ አድርጎ እንዲያቆመው፣ በጎኑ እንዳይተኛ እንዲከላከልና አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ምንም ነገር በአፉ እንዳያንቆረቁርበት ይነገረዋል። ትንፋሽ ባጠረው እንስሳ አፍ ውስጥ የተንቆረቆረ ዘይት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና።

በመንገድ ላይ ያሉት ደቂቃዎች የዕረፍት አይደሉም። ሞተር ሳይክል ላይ ሆኖ ማውራት ቢያስቸግርም፣ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ወስዳችሁ ማን መሪ፣ ማን ሠሪ፣ ማን ጭንቅላት ያዥ እንደሚሆን ተነጋገሩ። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ሥራ መከፋፈል ከባድ ነው፤ ሁሉም የተወጠረውን ጎን ለመንካት ይሽቀዳደማል።

ሃምሳ ሎሚ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። በድንገተኛ ሕክምና ጊዜ ግን ሃምሳው ሰው በአንዷ ሎሚ ላይ ሲሻማ ነው የማየው። አምስት ሰው አንድ ገመድ ይይዛል፤ መድኃኒቱን የያዘ ግን የለም። ስለዚህ መሪው እጁን በእንስሳው ላይ ባያሳርፍ ይመረጣል። ትሮካሩን የጨበጠ ሰው የሚያየው የትሮካሩን ጫፍ ብቻ ነው፤ የበሬው ጉልበት መብረክረክ መጀመሩንም ሆነ ሃያ ደቂቃ ማለፉን አያይም። ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ የቆመው መሪ ግን ትንፋሹን፣ ሰዓቱንና ሕዝቡን አንድ ላይ ይከታተላል። ባለሙያዎቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ መሪው መድኃኒት ማቀበሉንም ይደርባል። አንድ ብቻውን የሄደ ደግሞ ከተሰበሰበው ሰው መካከል ሁለት ረጋ ያሉ ሰዎችን መርጦ «አባባ፣ እርስዎ ቀንዱን ይያዙልኝ፤ አንተ ከእኔ ጎን ቆመህ ይህን ጠርሙስ ያዝ» እያለ ለእያንዳንዱ አንድ ሥራ ብቻ ይሰጣል። ለተቀሩት «ወደ ኋላ» ብሎ ከመጮኽ ይልቅ ውኃ የሚያመጣና ልጆችን የሚያርቅ ሰው መድቦ መላክ ይበልጥ ይሠራል።

ትእዛዝ በስም ተጠርቶ፣ መጠኑ ተነግሮ፣ ተደግሞ ይሰማል፤ ሲፈጸምም ይነገራል። መሪው «ሰላም፣ ግማሽ ሊትር ዘይት በቱቦው» ሲል፣ ሰላም «ግማሽ ሊትር ዘይት፣ በቱቦው» ብላ ትደግማለች፣ ጨርሳም «ገብቷል» ትላለች። መጀመሪያ ላይ የቲያትር ልምምድ ስለሚመስል ብዙዎች ይሳቀቃሉ። ነገር ግን «ያንን ስጠው» በተባለበት ቦታ አንድ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ሲሰጥ፣ ወይም ሁለቱም ሌላው ሰጥቶታል ብለው ጨርሶ ሳይሰጥ ሲቀር ያየ ሰው አይሳቀቅም።

የሰዓት ገደብና የቀጣዩ እርምጃ

የእንስሳው የግራ ሽንጥ ተወጥሮ፣ ግን ቆሞ የሚተነፍስ ከሆነ የመጀመሪያው እርምጃ ቱቦ ነው። ቱቦው ሲገባ ጋዙ በኃይል ከወጣና ሽንጡ ከጎደለ ችግሩ ነጻ ጋዝ ነበር፤ ምናልባትም ጉሮሮ ላይ የተሰነቀረ ድንች ወይም ሌላ ነገር ይኖራል። ጥቂት አረፋ ብቻ ከወጣ ግን ጋዙ በአረፋ ታስሯልና ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት በዚያው ቱቦ ይገባል፤ የኑግ ዘይትም ያገለግላል። መሪው ቱቦው ሳይገባ በፊት ጮክ ብሎ መናገር ያለበት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «አሁን ሦስት ሰዓት ከአሥር ነው፤ እስከ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሽንጡ ካልጎደለ ወይም ከዚያ በፊት ከወደቀ በትሮካር እንገባለን።» በጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው የጀመረውን መንገድ መተው ይከብደዋል፤ ቱቦውን አራተኛና አምስተኛ ጊዜ ይሞክራል። አስቀድሞ የተነገረ ሰዓት ግን ውሳኔውን ከሰውየው ጭንቀት አውጥቶ ለቡድኑ ይሰጣል።

እንስሳው ምላሱን አውጥቶ በአፉ የሚተነፍስ ወይም የወደቀ ከሆነ ሰዓት መጠበቅ የለም። ትሮካሩ በግራ ሽንጥ ላይ፣ በመጨረሻዋ የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል፣ እብጠቱ በጎላበት ቦታ፣ ወደ ቀኝ የፊት ክርን አቅጣጫ ይገባል። ማቀፊያው በአረፋ ከተደፈነ ዘይቱ በማቀፊያው በኩል ይጨመራል። ይህም ካልሠራና እንስሳው እየሞተ ከሆነ ጨጓራውን በቢላ ሰፋ አድርጎ መክፈት የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ይህን ሊያደርግ የሚችለው ማን እንደሆነ ደግሞ ከክሊኒኩ ሳይወጡ መታወቅ አለበት።

ይሉኝታ ሲገድል

እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ክሊኒክ ስሠራ ተነፍቶ የወደቀ በሬ ዘንድ ሄድን። መሪም ሠሪም እኔው ነበርኩ። ትሮካሩን አስገባሁ፤ ትንሽ ፉጨት ተሰማ፣ ወዲያው ቆመ። ማቀፊያው ውስጥ ነጭ አረፋ ተጠቅጥቋል። ሽቦ ከተትኩ፣ አወዛወዝኩ፣ አውጥቼ በሌላ ቦታ ደግሜ ወጋሁ፣ እንደገና ተደፈነ። ከጀርባዬ የቆመው ወጣት ረዳት የዘይቱን ጠርሙስ ክዳኑን ከፍቶ፣ ሁለት እጁ ላይ ይዞ ይጠብቅ ነበር። በሬው ከሞተ በኋላ ጠርሙሱን አይቼ «ለምን አልተናገርህም?» አልኩት። «ዶክተር፣ እርስዎ እያሉ እኔ ምን ብዬ?» አለኝ፤ አንገቱን ደፍቶ።

ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ታላቅን ማረም ነውር በሆነበት ባህል ውስጥ ያደገን ወጣት «ተናገር» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የሚናገርበትን ቃል መስጠት ያስፈልጋል። አሁን ሥራ ከመጀመራችን በፊት ለሁሉም የምላቸው አለ፦ ያልገባችሁ ነገር ካለ «ዶክተር፣ አንድ ጊዜ» በሉ፤ ይህ ቃል ሲሰማ የሁሉም እጅ ይቆማል፣ ተናጋሪው ያየውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ሐሳቡ ትክክል ባይሆን እንኳ «አመሰግናለሁ፣ እንቀጥል» ይባላል እንጂ አይገሠጽም። አንድ ጊዜ የተገሠጸ ረዳት ዳግመኛ አይናገርም።

በወለደች ማግስት በካልሲየም እጥረት የወደቀች ላም ላይ ይኸው ሥልጣን ይበልጥ ይጠብቃል። ካልሲየሙ በደም ሥር በዝግታ፣ ቢያንስ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይሰጣል፤ አንድ ሰው ልቧን ያዳምጣል። ያ ሰው በማዕረግ ታናሽ ቢሆንም ምቱ ሲዛባ «አቁም» ካለ ይቆማል፤ ክርክሩ በኋላ ይደርሳል።

ከእንስሳው በፊት ቡድኑ

ለሃጩን የሚያዝረከርክና መዋጥ ያቃተው ከብት ሲገጥም የመጀመሪያው ሐሳብ ጉሮሮው ውስጥ የተሰነቀረ ነገር አለ የሚል ይሆናል፤ እጅም ወደ አፉ ይሮጣል። መሪው ይህን እጅ መያዝ አለበት፣ ምክንያቱም የእብድ ውሻ በሽታ በከብት ላይ እንዲሁ ሊታይ ይችላል። ያለ ጓንት ማንም አፉን አይነካም፤ ለሃጭ ቁስል ላይ ካረፈ ቦታው በሳሙናና በወራጅ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ሰውየው ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሄዳል። በድንገት ሞቶ ተነፍቶ የተገኘና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም የሚወጣው እንስሳ ደግሞ በጭራሽ አይከፈትም፤ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና።

ባለቤቱም ከቡድኑ ነው

በእኛ አገር ሰዓቱን የሚያጣድፈው በሽታው ብቻ አይደለም። ሳይታረድ የሞተ በሬ በክት ነው፤ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ሥጋው አይበላም። ስለዚህ ባለቤቱ አንድ ዓይኑን በእኛ ላይ፣ አንዱን በቢላው ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ ይህን እንደ አለማወቅ የሚቆጥር ሐኪም የሰውየውን ኪሳራ አላሰበውም። ንግግሩ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መደረግ አለበት፦ «ጋሼ፣ ቱቦና ዘይት እንሞክራለን። መርፌ ከወጋነው ግን መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ ማረድ አይቻልም። ካልሆነልን ሳንወጋው እንነግርዎታለን።» ይህን የሰማ ባለቤት ይረጋጋል፤ ገመድም አጥብቆ ይይዛል። መርፌ ከተሰጠ በኋላ የሚነሳ የ«እንረደው» ክርክር ግን ቡድኑን ለሁለት ይከፍላል።

ምጥ የጠናባት ጊደር ላይም ሥርዓቱ ያው ነው። የሽርት ውኃው ከታየ በኋላ ሁለት ሰዓት ካለፈ ባለሙያው ጣልቃ ይገባል፤ ሥራው ተጀምሮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥጃው ካልተንቀሳቀሰ ዘዴው ይቀየራል፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ቦታ ይላካል። ጎረምሶች ተሰብስበው ገመድ መጎተት የለባቸውም፤ እሷ ስታምጥ ብቻ ሁለት ሰው ይስባል።

በከተማ የውሻና የድመት ክሊኒክ ደግሞ የልብ መቆም ሲያጋጥም ሪከቨር የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ በ2024 የተሻሻለው፣ ደረትን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫንና በየሁለት ደቂቃው ተጫኙን መቀየር ይላል። የደከመ ሰው መድከሙን ስለማያምን፣ «ቀይር» የሚለው ሰዓት የያዘው ሰው ነው።

ከእጅ መታጠብ በኋላ

እንስሳው ቢድንም ባይድንም፣ ከቦታው ሳትነሱ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። ምን እንዳየ መጀመሪያ የሚናገረው ከሁሉም ታናሽ የሆነው ነው፣ መሪው መጨረሻ ላይ ይናገራል፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ሁሉም የመሪውን ሐሳብ ይደግማልና። «ማን አጠፋ» ሳይሆን «ምን ዘገየ፣ ለምን» ይጠየቃል፤ መልሱም ዕለቱን በመዝገቡ ላይ ይጻፋል። ከተጻፈው ውስጥ ቢያንስ አንዱ ወደ ሣጥኑ መመለስ አለበት። ያ በሬ ከሞተ ወዲህ በእኔ ሣጥን ውስጥ የዘይቱ ጠርሙስ ከትሮካሩ በላይ ተጋድሞ ይቀመጣል፤ ትሮካሩን የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ዘይቱን ማንሳት ግድ ይሆንበታል።