ሶኬቱ አይደለም የተበላሸው፣ ቤቱ ነው የሄደው

ከአቃቂ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያም ወደ ኮዬ ፈጬ ባለው መስመር ኤሌክትሪክ ስሠራ ዓመታት ሆኖኛል። በዚህ ሰፈር የምጠራው በብዛት ለአንድ ነገር ነው። ሶኬቱ ላላ፣ ወጣ፣ ሸተተ፣ ጠቆረ። ሰው ሶኬት እንድቀይርለት ነው የሚፈልገው። ቀይሬ ብሄድ ሁለታችንም ደስ ይለናል። ግን ክረምት አልፎ በጋው ሲጠና ያው ሰው መልሶ ይደውላል።

መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው። መሐንዲሶቹ ብላክ ኮተን ይሉታል። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሜዳው ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቤቱ ደግሞ እዚያ ላይ ነው የተቀመጠው። ኮለኑና ቢሙ፣ ማለት የኮንክሪቱ ምሰሶና አግዳሚ፣ አንድ ላይ ይሄዳሉ። መሃላቸው የተሞላው ብሎኬት ግን የራሱ መንገድ አለው። ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ስንጥቅ ይወጣል። እዚያ መስመር ላይ የሶኬት ቦክስ ቀብሮ የሄደ ሠራተኛ ለኔ ሥራ ትቶልኛል ማለት ነው።

ብሬከር ማጥፋትና በቴስተር መሞከርን እዚህ አላስተምርም። አንድ ነገር ብቻ። ብሬከሩን አጥፍታችሁም ሁለቱንም ሽቦ ሞክሩ። ብሬከሩ ኒውትራሉ (መመለሻው ሽቦ) ላይ ታስሮ፣ ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) በቀጥታ ሶኬቱ ድረስ የመጣበትን ቤት ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ። እዚያ ቤት ብሬከሩ ጠፍቶም ይነዝራል።

ስፒናውን ስነቅል ሶኬቱ አብሮ ይወጣል

በካቻቢቴ ጫፍ ቦክሱን ገፋ አድርጉት። ቦክሱ ካልተነቃነቀና ሶኬቱ ብቻ ከወጣ፣ ሶኬቱ የተያዘው በጎንና በጎን ባሉት ጥፍሮቹ ነው። ጥፍር ለማይንቀሳቀስ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ሲሳብ የፕላስቲክ ቦክሱ ትንሽ ይጣመማል፣ ጥፍሩም ይለቃል። መልሶ ማጥበቅ ዋጋ የለውም። ጥፍሩን ፈትታችሁ ጣሉትና ሶኬቱን በሁለት ብሎን ከቦክሱ ጆሮ ጋር እሰሩት።

ጆሮው ተሰብሮ ከሆነ ቦክሱን ቀይሩ። ርካሹ ቦክስ ጆሮው እንደ ብስኩት ነው የሚሰበረው። ስትገዙ ጆሮውን በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ እዩት፤ ሱቅ ውስጥ ከተጣመመ ቤት ውስጥ አይቆምም። ባለሱቁ ቢቆጣም ይቆጣ።

ቦክሱ ራሱ ከተነቃነቀ ደግሞ የተጣበቀው በጀሶ ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ሠራተኛው ፊቱን ሲፈለፍለው ባዶ ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ቦክሱን የሚይዝ ነገር ያጣል። ከዚያ ክፍተቱ ውስጥ ያገኘውን ይጠቀጥቅና ፊቱን በጀሶ ይዘጋል። አንድ ቤት ከቦክሱ ጀርባ የተጨማደደ የስሚንቶ ከረጢት ወረቀት አወጣሁ። ሁለተኛው ክፍል ሄድኩ፣ ወረቀት። ሦስተኛውም ወረቀት። አንዱ ከሽቦው ጋር ተጣብቆ ዳር ዳሩ ከስሏል። ወረቀት ነው እኮ! ሶኬት ጀርባ ክብሪት እንደማስቀመጥ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ጀሶውን በሙሉ አውጡ። ቀዳዳውን በውሃ አርጥቡ። የብሎኬቱን ባዶ ክፍል 1 ስሚንቶ ለ3 አሸዋ በሆነ ሞርታር ሙሉትና ቦክሱን ሞርታሩ ውስጥ አስቀምጡት። እስከ ነገ አትንኩት። ሞርታሩ ሳይደርቅ ሶኬት የሚያስር ሰው ሥራውን በገዛ እጁ ያፈርሳል።

ምጣድ ሲሰካ ይሸታል፣ የሶኬቱ ፊት ይጠቁራል

ዋናው ይሄ ነው። ከአሥር ጥሪ ሰባቱ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከቱሉ ዲምቱ ወረድ ብሎ ባለ የብሎኬት ቤት፣ አንዲት እናት ቅዳሜ ጠዋት ጠሩኝ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ምጣዱ ቀዝቅዟል።

«ልጄ፣ እንጀራው ዓይን አላወጣ አለኝ» አሉኝ። «እርሾውን ነበር የጠረጠርኩት።»

«ሶኬቱ ከዚህ በፊት ተቀይሯል እንዴ እማማ?»

መልስ አልሰጡኝም። ጓዳ ገብተው አንድ ፌስታል ይዘው መጡ። ውስጡ ሦስት የተቃጠሉ ሶኬቶች አሉ። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ነው የተቃጠሉት፣ በፌዙ በኩል። ሁለት ዓመት ውስጥ ነው ሦስቱም። «ሁሉም ዕቃው ጥሩ አይደለም እያሉኝ ነው የሄዱት» አሉ።

አራተኛውን ፈታሁት። ቦክሱ የተቀበረው ልክ ኮለኑና ብሎኬቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ። ከላይ እስከ ታች የሳንቲም ጠርዝ የሚያስገባ ስንጥቅ በቦክሱ መሃል ያልፋል። ሽቦው በኮለኑ በኩል ነው የመጣው፣ ሶኬቱ የታሰረው በብሎኬቱ በኩል ነው። የፌዙ ሽቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። በጣቴ መታ ሳደርገው ልባሱ ተፈረፈረ። ከተርሚናሉ (ከሽቦ ማሰሪያው) ብሎን ሥር የቀረው መዳብ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሦስቱ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው የተቃጠለውን የሽቦ ጫፍ ቆርጠው፣ ልጠው፣ አዲስ ሶኬት አስረው ነው የሄዱት። ሽቦው በየጊዜው አንድ ሁለት ሴንቲ አጠረ። ባጠረ ቁጥር ይበልጥ ተወጠረ። ግድግዳው ደግሞ መሳቡን አላቆመም። ጥገናው ራሱ ነው ቀጣዩን ቃጠሎ የሚያፈጥነው።

ለምን ይቃጠላል ለሚል፣ ሒሳቡ ይኸውና። 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይጎትታል። ሶኬቱም 16 አምፔር ነው፣ ስለዚህ ገና ከመነሻው ጥግ ላይ ነው የሚሠራው። የላላው ማሰሪያ 0.1 ኦኸም ብቻ ቢጨምር፣ እዚያች ነጥብ ላይ 25 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጠራል። የሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት መበየጃ ያህል ማለት ነው። ያንን መበየጃ ፕላስቲክ ውስጥ ወትፋችሁ ሦስት ሰዓት እንጀራ ጋግሩ እንግዲህ። ማሰሪያው እየነካ እየለቀቀ ሲሄድ ደግሞ ምጣዱ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። እንጀራው ዓይን ያጣው በእርሾው አልነበረም።

የሠራሁት ይህን ነው።

ቦክሱን ከመስመሩ አነሳሁት። ወደ ብሎኬቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገፋሁና ከላይ እንዳልኩት በሞርታር ቀበርኩት። ቦክስ ኮለንና ብሎኬት ላይ ተካፍሎ አይቀመጥም፤ ወይ እዚህ ወይ እዚያ። ከበርና ከመስኮት ጥግም ራቅ አድርጉት፣ ሰያፍ ስንጥቅ የሚነሳው ከዚያ ነው። እኔ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች አልጠጋም። አዲሱ ቦክስ ጥልቅ ነው፣ 6 ሴንቲ ያህል። ያ ቀጭኑ ቦክስ ትርፍ ሽቦ የሚታጠፍበት ቦታ የለውም፤ ሠራተኛውም ስለማይገባለት ቆርጦ ያሳጥረዋል።

ስንጥቁን የሚያቋርጠውን ቱቦ ቀየርኩ። ደረቅ ፒቪሲ ነበር፣ ስንጥቁ ላይ ተሰንጥቆ አፉ ሽቦውን ይፍቃል። በሚታጠፍ ቱቦ፣ በፍሌክሲብል ተካሁት፣ ያውም ሳልወጥረው፣ ለስለስ ያለ ኩርባ ሰጥቼ። መስመሩን በሚያቋርጥበት 10 ሴንቲ ላይ ስፖንጅ ጠቀለልኩበት። ስፖንጅ ከሌለ ልስኑ ቱቦውን ጨብጦ ይይዘዋል፣ ፍሌክሲብል መሆኑ ምንም አይጠቅምም። ይህቺን ነገር የሚያደርግ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የድሮውን ሽቦ ጣልኩት። ከቦርዱ ጀምሮ 4 ሚሜ ካሬ ሽቦ፣ ለምጣዱ ብቻ፣ በራሱ ብሬከር። ቦክሱ ውስጥ ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ትቼ እንደ እባብ አጠፍኩት። ትርፉ ነው የሚያድናችሁ። ቤቱ አምስት ሚሊ ቢሄድ ከኩርባው ይወስዳል እንጂ ከተርሚናሉ አይወስድም። የአርዙን (የመሬቱን) ሽቦ ከሌሎቹ በሦስት አራት ሴንቲ አስረዘምኩት። መጎተት ከመጣ መጨረሻ የሚነቀለው እሱ ይሁን።

ካሰራችሁ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ አድርጉ። ሳታፍሩ፣ በደንብ ሳቡ። የሚወጣ ከሆነ አሁን ይውጣ።

አደራ፣ ያጠረ ሽቦ አግኝታችሁ ግድግዳ ውስጥ ጠምዝዛችሁ በናስትሮ አትጠቅልሉ። አደራ፣ የጠቆረ መዳብ ቧጭራችሁ መልሳችሁ አትሰሩ፤ የሚያብለጨልጭ መዳብ እስክታገኙ ቁረጡ፣ ካልበቃ አዲስ ሽቦ ሳቡ። ምጣድ በማራዘሚያ የሚሰካ ሰው ካለ ደግሞ እባካችሁ ገስጹት።

አቅም ላለው ከዚህ የተሻለ አለ። ለምጣዱ ሶኬት ጨርሶ አለመጠቀም። ፌዝና ኒውትራልን አንድ ላይ የሚቆርጥ 32 አምፔር ማብሪያ ታደርጉና የምጣዱን ገመድ በቀጥታ ታስራላችሁ።

ከቦክሱ ጥግ ስንጥቅ ይጀምራል

ስንጥቁ ፀጉር የምታህል ከሆነች ልስን ነው፣ ተዉት። እየሰፋ ከሄደ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ በእርሳስ ሁለት ነጥብ አድርጉና ርቀቱን ለኩ፤ ቀኑን ግድግዳው ላይ ጻፉት። አንዴ በነሐሴ፣ አንዴ በሚያዝያ። እየከፈተ እየዘጋ ከሆነ መረሬው ነው። ዝም ብሎ የሚሰፋ ከሆነ፣ ወይም 5 ሚሜ ካለፈ፣ የኔ ሥራ አይደለም። መሐንዲስ ጥሩ።

መስመሩ ላይ የዶሮ ሽቦ አድርጎ መለሰን የተለመደ ነው። ለትንሽ እንቅስቃሴ ይሠራል። ለሚሄድ ቤት ግን እኔ የምመርጠው ልስኑን ኮለኑ ዳር በቀጥታ መስመር ቆርጦ በሚለጠጥ ማሸጊያ መሙላት ነው። ስንጥቁ እናንተ በፈለጋችሁበት ቦታ ይውጣ፣ በሶኬታችሁ መሃል አይሁን።

ከቤት ውጪም እዩ። አሸንዳው ውሃውን ግድግዳው ሥር ነው የሚደፋው? ባሕር ዛፍ ተጠግቶ ቆሟል? አንዱ መሬቱን ያሳብጠዋል፣ ሌላው ያደርቀዋል። የአሸንዳውን ቱቦ ሁለት ሜትር ማራቅ ከአሥር ሶኬት ይረክሳል።

ይቺን ካነሳሁ አይቀር። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ በኩል የመጣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ስልኬ እረፍት አልነበረውም። «መንቀጥቀጡ ሶኬቴን አወጣው» የሚል ብዙ ነበር። ሄጄ ባትሪ ሳበራ ስንጥቁ ውስጥ የግድግዳው ቀለም አለ፣ የሸረሪት ድርም አለ። ቀለም የገባበት ስንጥቅ ከቀለም ቅቡ በፊት የነበረ ነው። ሸረሪትም በአንድ ሌሊት መንደር አትመሠርትም። መንቀጥቀጡ ያደረገው ሰዎቹ ግድግዳቸውን እንዲያዩ ነው።

ዕቃው ይነዝራል፣ በተለይ ዝናብ ሲዘንብ

ብዙ ጊዜ አርዙ ተነቅሏል። ወይም የቆርቆሮ ቦክስ ነው፣ የቱቦ መግቢያው ላይ ጎማ የለም፣ ግድግዳው ሲሳብ ስለታሙ ጠርዝ ልባሱን ቆርጦታል። እርጥብ ግድግዳ የቀረውን ይጨርሰዋል። የተቆረጠውን ሽቦ ቀይሩ፣ ጎማ አስገቡ፣ አርዙን በትርፍ እሰሩ፣ የቆርቆሮ ቦክሱንም ራሱን ከአርዝ ጋር እሰሩት። እስከዚያ ድረስ ያንን ሶኬት አትጠቀሙ። «ትንሽ ነው የሚነዝረው» የሚባል ነገር የለም። እርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግሩን የቆመ ልጅ ትንሹን ከትልቁ አይለይም።

ሌሎች

በሁለት የሕንፃ ክፍሎች መሃል ሆን ተብሎ በተተወ ክፍተት (ኤክስፓንሽን ጆይንት) ላይ የሚያልፍ መስመር፦ ከወዲያና ከወዲህ አንዳንድ ቦክስ፣ መሃላቸው ረገብ ያለ ፍሌክሲብል።

የጭቃ ቤት፦ ጭቃው ውስጥ አትቅበሩ፤ ከግድግዳ ውጪ የሚሰቀል ቦክስ እንጨቱ ላይ በብሎን እሰሩ።

ብሬከሩ ክረምት ብቻ የሚወርድ ከሆነ፦ ቱቦው ውስጥ ውሃ ገብቷል፣ በብዛት ከጣሪያ በኩል።

ጉንዳን፦ አንዴ አጋጥሞኛል።

እማማ ቤት በሚቀጥለው ሚያዝያ ተመልሼ ሄጄ ሶኬቱን ፈታሁት። ስንጥቁ በሦስት ሚሊ ከፍቷል። ከኩርባው ትንሽ ተወስዷል፣ ተርሚናሉ ግን እንዳሰርኩት ነው። ብሎኖቹን ሩብ ዙር አጥብቄ ዘጋሁት። ፌስታሏ አሁንም ጓዳ ውስጥ አለች፣ አልጣሏትም።