ጥሩ ሰው መድረክ ላይ እንዴት ይበላሻል? ትራጀዲ ለመጻፍ ለምትነሱ

ደብረ ማርቆስም ይሁን ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ሞጣ፣ ድራማ የሚጽፉ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ታሪክ ይመሳሰላል። ሥልጣን የሚወድ ሰው አለ። ክፉ ጓደኛ ይመክረዋል። ሰው ይበድላል። መጨረሻ ላይ ይታሰራል ወይም ይሞታል። ተመልካቹ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ማንም አያለቅስም። ሰውየው ከመጀመሪያው ክፉ ስለነበረ የሚያሳዝን ነገር የለውም። ክፉ ሰው ሲቀጣ ማየት ፍርድ ማየት ነው። ትራጀዲ (አሳዛኝ ድራማ) ሌላ ነገር ነው።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከ2300 ዓመት በፊት ስለዚህ ጉዳይ ጽፏል። የትራጀዲ ጀግና ፍጹም ጻድቅ መሆን የለበትም፤ ፍጹም ክፉም መሆን የለበትም። በመካከል ያለ፣ እኛን የሚመስል፣ ግን ከእኛ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ነው። የሚጥለውም የገዛ ራሱ ስህተት ነው። ይሄ ምክር ዛሬም ይሠራል።

እንዲገባን አንድ ታሪክ እየፈጠርን እንሂድ። ቦታው ቢቸና አካባቢ፣ ዘመኑ ከ1966 ዓ.ም በፊት ይሁን። ጀግናችንን ይስማው እንበለው። ደም አድራቂ ሽማግሌ ነው። የአገሩ ሹም ቀኛዝማች ሙላት ደግሞ የክርስትና አባቱ ናቸው። ከጎን የምናየው የሼክስፒርን ማክቤዝ ነው፤ ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን የሚወስድ የጦር አዛዥ ታሪክ። ስለ ምኞትና ስለ ሰው ምክር ከዚያ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታልና ፈልጋችሁ አንብቡት።

አንደኛ፦ ጀግናውን በሥራው አስከብሩት

"ይስማው እኮ ጥሩ ሰው ነው" የሚል ገጸ ባሕርይ አታስገቡ። ሲሠራ አሳዩን። የመጀመሪያው ትዕይንት ዕርቅ ይሁን። ሁለት ወገኖች ደም ተቃብተዋል። የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ሊለምን መጥቷል። የሟች ወንድም ጠመንጃውን አልለቅም ብሏል። ይስማው በመካከል ገብቶ፣ ሳይጮህ፣ ሳያስፈራራ ጠመንጃውን ያስቀምጠዋል። "ይቅር ለእግዜር" እስኪባል ድረስ ተመልካቹ ትንፋሹን ይያዝ። ከዚህ በኋላ ይህን ሰው እንወደዋለን። ስንወደው ነው ሲጠፋ የሚያመን።

ማክቤዝም በመጀመሪያ የምንሰማው ንጉሡን ከሽንፈት ያዳነ ጀግና ሆኖ ነው።

ሁለተኛ፦ ምኞቱን ከመካሪው በፊት ዝሩት

አብዛኛው ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ትንሽ እንቆይ።

ማክቤዝ ብቻውን አይደለም ጠንቋዮቹን የሚያገኛቸው። ባንኮ የሚባል የጦር ጓደኛው አብሮት አለ። ጠንቋዮቹ ለሁለቱም ትንቢት ይናገራሉ። ማክቤዝ ንጉሥ እንደሚሆን፣ ባንኮ ደግሞ ንጉሥ ባይሆንም ነገሥታትን እንደሚወልድ። ማክቤዝ ሲሰማ ይደነግጣል። ባንኮም ያየዋል፤ "እንዲህ ደስ የሚል ነገር ሰምተህ ምን አስደነገጠህ?" ብሎ ይጠይቀዋል። የሰው ዕቃ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው ሲጠሩት እንደሚደነግጠው ነው የደነገጠው። ባንኮም ትንቢቱ ያጓጓዋል፤ ግን ቢላዋ አያነሳም። ቃሉ ለሁለቱም ደረሰ። የገደለው አንዱ ነው።

እኔ ስለዚህ ጉዳይ የማምነው ይሄንን ነው። የውጭ ምክር ምኞት አይፈጥርም። የተኛውን ይቀሰቅሳል። ጸሐፊው ይህንን ካልያዘ ጀግናው የሌላ ሰው መጫወቻ ይሆናል፣ ጥፋቱም የመካሪው ይሆናል።

ታዲያ የይስማው ምኞት ምንድን ነው? ዝም ብሎ "ሥልጣን ይወዳል" አትበሉ። ምክንያት ስጡት፤ ምክንያቱም እውነት ያለበት ይሁን። ዕርቁን የሚያወርደው እሱ ነው። ምስጋናውን የሚወስዱት ቀኛዝማች ናቸው። ባለጉዳይ እጅ መንሻ ይዞ የሚሄደው እሳቸው ቤት ነው። እሳቸው ወንበር ላይ፣ እሱ መደብ ላይ። በመጀመሪያው ትዕይንት መጨረሻ ሰው ሁሉ ሲወጣ ባዶውን ወንበር ትንሽ ቆም ብሎ ይየው። አንድም ቃል አይናገር። አንድ ጎበዝ ተዋናይ ይህችን ብቻ ይዞ ግማሹን ታሪክ ይነግራል።

ለእሱም ባንኮ ስጡት። ስማቸው የሚባል ጓደኛ ይኑረው፤ እንደሱ ሽማግሌ የሆነ፣ እንደሱ የተበደለ። የሚሰማውን ሁሉ ስማቸውም ይስማ። እና ስማቸው ወደ እርሻው ይመለስ።

ሦስተኛ፦ ድምጾቹን ለዩአቸው

የውጭ ተጽዕኖ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ የሚሆነውን ይናገራል። አንዱ ያሳፍራል። አንዱ ያወድሳል። ሦስቱንም በአንድ ሰው አፍ አታስገቡ።

የሚናገረው ድምጽ ለጎጃም መድረክ ሩቅ አይደለም። አውደ ነገሥት የሚባለውን የጥንቆላ መጽሐፍ የሚገልጥ ደብተራ አለ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ዲማ የታወቁበት ነው። ተመልካቹ ሰም እና ወርቅ መስማት ያውቃል። ስለዚህ የደብተራው ቃል ሁለት ሆድ ይኑረው፦ "የቀኛዝማች ወንበር በአንተ ጣራ ሥር ይለቀቃል።" ይስማው የሚሰማው ሽማግሌው ወደው ሲያስረክቡት ነው። ተመልካቹ ሌላውንም ይሰማል። ትንቢቱ ውሸት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ማክቤዝንም የጣለው ውሸት አይደለም፤ ሊሰማው በፈለገው መንገድ ብቻ የሰማው እውነት ነው።

የሚያሳፍረው ድምጽ ከቤት ይመጣል። የማክቤዝ ሚስት ባሏን "ወንድ አይደለህም" ነው የምትለው። እኛም "ሴት የላከው ሞት አይፈራም" እንላለን፤ ስለዚህ ይህ ትዕይንት ለመጻፍ ቀላል ይመስላል። ቀላል አይደለም። ሚስቱን ክፉ ሴት አድርጎ መጻፍ ስንፍና ነው፤ በአገራችን መድረክ ላይ ደግሞ በጣም ተደጋግሟል። የይስማው ሚስት ማንጠግቦሽ ባሏን የምትወድ፣ በደሉን ከማንም በላይ ያየች ሴት ትሁን። አትሳደብ። "ልጆችህም እንዳንተ መደብ ላይ ይቀመጡ?" ትበለው። ከስድብ ይልቅ ይህ ይወጋል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ማክቤዝ ስለ ትንቢቱ ለሚስቱ ደብዳቤ የሚጽፈው ራሱ ነው። ማንም አላስገደደውም። የሚያስፈልገውን ድምጽ ራሱ ጠራው። ይስማውም ወሬውን ለማንጠግቦሽ ማታ እሳት ዳር ራሱ ይንገራት። ለስማቸው ሚስት ማን ነገራት? ማንም።

ሦስተኛው ድምጽ ማክቤዝ ውስጥ የሌለ ነው፤ እኛ ግን አለን። አዝማሪ። የዕርቁ ድግስ ላይ መሰንቆውን ይዞ ይነሳ፦

ይስማው ሲናገር አገር ጸጥ ይላል፣
ወንበር ያጣ ንጉሥ መሬት ላይ ይውላል።

አዝማሪው ምንም አላሰበም፤ ሽልማቱን ነው የሚፈልገው። ድግሱ በእልልታ ይቀልጣል። ቀኛዝማች እንኳን ይስቃሉ። የማይስቀው ይስማው ብቻ ነው። ተንኮል የሌለው ውዳሴ ከተንኮለኛ ምክር ይልቅ ጠልቆ እንደሚገባ በዚህ አሳዩ። ፉከራና ቀረርቶም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ላይ ደም የሚያሞቅ ይሁን፤ ከግድያው በኋላ ያው ፉከራ ሲደገም ሰው አንገቱን ይድፋ።

ታሪክ ቀመስ ድራማ ለምትጽፉ አራተኛ ድምጽም አለ፤ ስጦታ። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም ከአፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ሲቀበሉ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ ማዕረጉም የጎጃምና የከፋ ንጉሥ የሚል ነበር። ያ ከፋ የሚለው የአገር ስም ቀላል አልነበረም። ምኒልክም ዓይናቸው ወደዚያው አገር ነበር። በ1874 ዓ.ም እምባቦ ላይ ሁለቱ ጦሮች ተጋጠሙ፤ ንጉሡ ቆስለው ተማረኩ። እዚህ ማንም በጆሮ አላንሾካሾከም። አክሊሉ ራሱ ነው መንገዱን ያሳየው። ግን ልብ በሉ፤ የንጉሡ ሕይወት እምባቦ ላይ አላለቀም። በ1888 ዓ.ም አድዋ ላይ ከምኒልክ ጎን ዘምተዋል። እውነተኛውን ሰው ለድራማ ሲባል እምባቦ ላይ አትግደሉት። ቅርጹን ውሰዱና በፈጠራችሁት ሰው ላይ ሥሩበት።

አራተኛ፦ እምቢ ይበል

ማክቤዝ ከግድያው በፊት ብቻውን ቆሞ ያስባል። ንጉሡ ዘመዴ ነው፣ ጌታዬ ነው፣ ዛሬ ደግሞ እንግዳዬ ነው ይላል። ከምኞት በቀር የሚገፋኝ ምክንያት የለኝም ብሎም ያምናል። ለሚስቱም "ይህን ነገር እንተወው" ይላታል። በእኔ እምነት የቴአትሩ ልብ ይህ ቦታ ነው። እውነቱን አውቆ ነው የሚያጠፋው።

ለይስማው እንዲህ ያለ ሌሊት ስጡት። ቀኛዝማች ለማኅበር መጥተው ቤቱ አድረዋል። የክርስትና አባቱ ናቸው። እንጀራውን ቆርሰዋል፣ ጠላውን ጠጥተዋል። እንግዳ ናቸው። እግራቸውን ያጠበው ራሱ ይስማው ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ይቁጠር፤ "አላደርገውም" ይበል። በሩንም ይክፈት፤ ወጥቶ መሄድ ይችላል። ተመልካቹ በልቡ "ሂድ፣ ሂድ" ይበለው። ከዚያ በሩን መልሶ ይዝጋው።

ግድያውን መድረክ ላይ አታሳዩ። ሼክስፒርም የንጉሡን ሞት ከመድረክ ውጭ ነው ያደረገው። ቀይ ቀለም የተቀባ ጩቤ አንዳንዴ ሳቅ ያመጣል። ከመጋረጃው ጀርባ ያለ ዝምታ፣ ቀጥሎም የሚንኳኳ በር ይበቃል።

አምስተኛ፦ ከዚያ በኋላ መካሪዎቹን አርቋቸው

የመጀመሪያውን ጥፋት በሰው ግፊት ሠራው እንበል። ሁለተኛውንስ? ማክቤዝ ባንኮን ሲያስገድል ለሚስቱ እንኳን አይነግራትም። የጠላቱን የመኳንንቱን የማክደፍን ሚስትና ልጆች ሲያስፈጅ ማንም አልመከረውም። በመጀመሪያ ጠንቋዮቹ መንገድ ላይ ጠብቀውት ነበር፤ በኋላ ራሱ ፈልጓቸው ይሄዳል። ብልሹነቱ የራሱ የሆነው ያኔ ነው። ሚስቱ ደግሞ በእንቅልፍ ልቧ እየተነሳች እጇን ታጥባለች። እሱ እየደነደነ ሲሄድ እሷ ትሰበራለች።

ስለዚህ ማንጠግቦሽ ከግድያው በኋላ ዝም ትበል። አዝማሪው አገር ጥሎ ይሂድ። ይስማው በሌሊት ወደ ደብተራው ቤት ራሱ ይሂድ፤ ደብተራው "መጽሐፉን አልገልጥም" ይበለው፤ እሱም በግድ ያስገልጠው። ስማቸውን የሚያስገድለውም ብቻውን አስቦ፣ በጠዋት፣ ሳይቆጣ ይሁን።

ስድስተኛ፦ ይወቀው

ጀግናው የሠራውን የሚያውቅበት ጊዜ ከሌለ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ረጅም የንስሐ ንግግር አይጻፍለት። ደም ያደርቅ የነበረ ሰው አሁን ደም አለበት። ድንጋዩን ራሱ ይሸከምና ወደ ስማቸው ወንድም ደጅ ይሂድ። ግን "ይቅር ለእግዜር" የሚያሰኝ ሽማግሌ ያስፈልጋል። በአገሩ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ሁለት ነበሩ። አንዱ ስማቸው ነው። ሌላው ድንጋዩን የተሸከመው ነው። ይህን ማንም ገጸ ባሕርይ እንዳይናገረው፤ ተመልካቹ ራሱ ይድረስበት።

የሞቱን ነገር ባጭሩ ጨርሱት።

ሰባተኛ፦ ጽሑፉን ፈትኑት

ስትጨርሱ ደብተራውን ከጽሑፉ አውጥታችሁ አንብቡ። ቀጥሎ ሚስቱን፣ ቀጥሎ አዝማሪውን። አንዱ ሲወጣ ምንም ካልጎደለ ያ ገጸ ባሕርይ ሥራ የለውም፤ ይውጣ። ሦስቱም ወጥተው ይስማው ያንኑ ነገር በዚያው ፍጥነት የሚያደርግ ከሆነ ድምጾቹ ጌጥ ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛውን እርምጃ አጠናክሩ። ሦስቱ ሲወጡ ደግሞ ይስማው ምንም የማይፈልግ፣ ወንበሩን ቀና ብሎ የማያይ ሰው ከሆነ ምኞቱ አልተዘራም።

ከዚያ ለተዋናዮቹ ስጡ። ይስማውን የሚጫወተውን ልጅ ለብቻው ጥሩና "በሩን መልሰህ የዘጋኸው ለምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። "ሚስቴ ስላለችኝ" ወይም "ደብተራው ስለነገረኝ" ካለ ወደ ሁለተኛው እርምጃ ተመልሳችሁ እንደገና ጻፉ። በራሱ አፍ "ስለፈለግሁት" ካለ ልምምድ ጀምሩ።