የእንጆሪ ማርማላታ በደቦ

ቅዳሜ ጠዋት እኛ ቤት ስድስት ሰው ይሰበሰባል። ሰፈራችን ላሉ አቅመ ደካማ አረጋውያን የእንጆሪ ማርማላታ እንሠራለን። መልቀሙና ማጠቡ ደቦ ይወዳል። ድስቱ ግን ብዙ ሲጨምሩበት አይወድም።

መጀመሪያ ጊዜ 8 ኪሎ እንጆሪ በአንድ ትልቅ ድስት ጣድን። ውኃው አልመጥ ብሎ ከሁለት ሰዓት በላይ ተንተከተከ። ቀለሙ ጠቆረ፣ ሽታው ጠፋ፣ ሳይረጋም ቀረ። በጣም አዘንን። አሁን በአንድ ድስት ከ2 ኪሎ በላይ አናበስልም።

ሥራው ዓርብ ማታ ይጀምራል። እንጆሪውን ከነአረንጓዴ ቅጠሉ እጠቡት፤ ቀድማችሁ ከነቀላችሁት ውኃ ይገባበታል። የበሰበሰውን ጣሉ። ትንሽ ጥሬ ቢቀላቀልበት ግን ጥሩ ነው፤ ማርማላታ የሚያረጋው ፔክቲን እሱ ላይ ይበዛል። ለ1 ኪሎ እንጆሪ 800 ግራም ስኳርና የሁለት ሦስት ሎሚ ጭማቂ ጨምሩና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት በራሱ ውኃ ተጥለቅልቆ ታገኙታላችሁ።

ጠርሙሱን በደንብ ቀቅሉት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ስለዚህ እኛ 20 ደቂቃ እናቆየዋለን። በዚሁ ምክንያት የውጭ አገር አሠራሮች የሚሉትን 105 ዲግሪ አትጠብቁ፤ እዚያ እስኪደርስ ያርርባችኋል። ይልቅ ትንሽ ሳህን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ጠብታ አድርጉበት፣ አንድ ደቂቃ ቆዩና በጣት ገፋ አድርጉት። ላዩ ከተጨማደደ ደርሷል፣ አውርዱት።

ማማሰያው ከአንድ ሰው እጅ አይውጣ። ሲቀባበሉት ሁሉም ሌላው ያማሰለ ይመስለዋል፤ ድስቱ ሥሩን ይይዛል። አረፋ እንዲጠፋ ቅቤ ጠብ የሚያደርጉ አሉ። እኛ የምናደርስላቸው እናቶችና አባቶች አብዛኞቹ ጿሚዎች ናቸው፤ በጭልፋ እንገፈዋለን።

ትኩሱን በትኩስ ጠርሙስ ሞልታችሁ ወዲያው ክደኑት። ቀኑን ጻፉበት። ስኳር ላለባቸው ከማጠቡ ላይ ጥሩ ጥሩውን እንጆሪ ለይተን እንዲሁ እንወስድላቸዋለን። እነሱን ባዶ እጅ ማለፍ አይሆንልኝም።

ስናደርስ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ጠርሙሱን እንዲያስቀምጡልን እንነግራቸዋለን። አንዳንዶቹ ቆሎ ሞልተውበት ይጠብቁናል።