ከመድረሻው የሚጀመር ኮርስ፦ ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ የኮሌጅ ክሬዲት መያዝ

አምና በጥቅምት ወር አንድ ማታ የእህቴ ልጅ አሳትማ ያመጣችውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ጠርዙ ወርቃማ ነው፤ ስሟ በትልቁ ተጽፏል፤ ከታች ፊርማ አለበት። “ጋሼ፣ የኮሌጅ ኮርስ ጨረስሁ” አለችኝ። አሜሪካ ያለው የአጎቷ ልጅ 49 ዶላር ከፍሎላት፣ ሁለት ወር ሙሉ ሌሊት እየተነሣች የተማረችው ነው። እኔም ደስ አለኝ፤ ፍሬም ተሠርቶለት ሳሎን ይሰቀል ተባለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልታመለክትበት ላሰበችው ዩኒቨርሲቲ ጽፈን የመጣልን መልስ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ወረቀቱ ኮርስ ስለማጠናቀቋ የተሰጠ ምስክር ወረቀት ነው፤ ክሬዲት ስላልሆነ አንቆጥረውም የሚል ነው።

ያን ጊዜ እሷ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሂሳብ የማስተምር ሰው ነኝ። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። ያን ጊዜ ያልጠየቅሁትን ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ስጠይቅ ከርሜ የደረስሁበትን ነው እዚህ የምጽፈው፤ በተለይ ቢቸናም ሞጣም ፍኖተ ሰላምም ሆናችሁ 11ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ላላችሁ።

አያቴ ቅኔ የተማሩት ጎንጅ ነው። ከአንዱ ቅኔ ቤት ወደ ሌላው የሄደ ተማሪ “እኔ ሥላሴ ደርሻለሁ” ቢል የኔታ በቃሉ ብቻ እንደማያልፉት ይነግሩን ነበር። “እስቲ ተቀኝ” ይሉታል። ሰምተው ሲያበቁ ወይ ካለበት ያስቀጥሉታል፣ ወይ ወደ ጀማሪው ደረጃ፣ ወደ ጉባኤ ቃና ይመልሱታል። የቀድሞው መምህሩ የቱንም ያህል ቢያመሰግኑት ውሳኔው የተቀባዩ መምህር ነው። የኮሌጅ ክሬዲት ማለት ይኸው ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረህን ሌላው “ይህን ተምሯል፣ አልደግመውም” ብሎ በመዝገቡ ሲያሰፍርልህ ያን ጊዜ ክሬዲት ሆነ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ነው፤ አንድ ኮርስ ብዙውን ጊዜ 3 ክሬዲት ይይዛል። ስለዚህ አንድ ኮርስ አስቀድሞ መያዝ ከአርባው አንዱን መቀነስ ነው። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች 3 ክሬዲት አወር የሚባለው በኢሲቲኤስ (ከአውሮፓ በተወሰደው የክሬዲት አቆጣጠር) ሲሰላ 5 ሆኖ ይጻፋል፤ ሁለቱን ቁጥር አታደባልቁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ልጃችሁ የምትገባው ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ክሬዲት አያመጣላትም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለን ተማሪ ለክሬዲት የሚመዘግብ የተለመደ አሠራር የለም፤ በሩ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ያ በር ምን ያህል እንደጠበበ ጎጃም ውስጥ ለማንም አይነገርም። በ2014 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። ስለዚህ 12ኛ ክፍል ላይ ያለ ልጅ የውጭ ኮርስ እንዲጀምር አልመክርም፤ ቢለምነኝም እምቢ እላለሁ። ጊዜው 11ኛ ክፍል ነው፤ ከዚያም የተሻለው በ11ኛና በ12ኛ መካከል ያለው ክረምት ነው።

አገር ውስጥ ለሚቀረው ልጅ የሚጠቅመው ሌላ ነገር አለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን ዓመት ስለተመለሰ፣ የመጀመሪያው ዓመት ኮርሶች ሞጁል በየስልኩ ይዞራል፤ ሎጂክ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሌላም ሌላም። ፈተና ተፈትኖ ውጤት እስኪመጣ ባለው ጊዜ ሎጂኩን ብቻ እንኳ ያነበበ ልጅ መስከረም ላይ ወንበር ይዞ ይጠብቃል። ክሬዲት አይደለም፤ ግን ነጻ ነው።

ውጭ አገር ለማመልከት ወይም እዚሁ ሆነው ከውጭ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት ለመማር ላሰቡት ግን መንገዱ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ደብዳቤ ነው። ኮርስ ከመምረጣችሁ፣ አንድ ሳንቲምም ከማውጣታችሁ በፊት ልጁ ሊገባባቸው የሚፈልጋቸውን ሦስት ወይም አራት ዩኒቨርሲቲዎች ለዩና ለሬጅስትራራቸው ወይም ለቅበላ ክፍላቸው ጻፉ። የእኛ ደብዳቤ ከአሥር መስመር አይበልጥም ነበር። መጀመሪያ ማን እንደሆነች፣ ስንተኛ ክፍል እንዳለችና ምን ማጥናት እንደምትፈልግ ይገልጻል። ቀጥሎ ይህን ኮርስ ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ብወስድ ትቀበሉታላችሁ ወይ፣ ከእናንተ ኮርሶች በየትኛው ይተካል ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው፦ ለማጠናው ሙያ እንደ ግዴታ ኮርስ ነው የሚቆጠረው ወይስ እንደ ምርጫ ብቻ? በመጨረሻ የሚፈለገው ዝቅተኛ ውጤት ስንት ነው፣ ቢበዛስ ስንት ክሬዲት ትቀበላላችሁ፣ የአዲስ ተማሪ የነጻ ትምህርት ዕድሌንስ ይነካብኛል ወይ?

ሦስተኛውን ጥያቄ ዋና ያልሁት በምክንያት ነው። የእህቴ ልጅ ነርስነት ነው የምታስበው፤ ለእሷ ኮሌጅ አልጀብራ ይቆጠራል ተብሎ ተጻፈልን። የጓደኛዋ ሐሳብ ግን ምህንድስና ነው። ምህንድስና ከካልኩለስ ስለሚጀምር አልጀብራ ቢወስድም ትራንስክሪፕቱ ላይ ሦስት ክሬዲት ይጨመርለታል እንጂ ከሚማረው አንድም አይቀነስለትም። እሱ እንግሊዝኛ ድርሰት ቢወስድ ይሻለው ነበር። የመጨረሻውም ጥያቄ ቀላል አይምሰላችሁ። ከሁለተኛ ደረጃ ሳይመረቁ የተያዘ ክሬዲት በአብዛኛው ከአዲስ ተማሪነት አያስወጣም፤ ከተመረቁ በኋላ የተወሰደው ግን አንዳንድ ቦታ “ተዛዋሪ ተማሪ” ያሰኝና ለአዲስ ገቢዎች ከተመደበው ገንዘብ ያስወጣል።

መልሱን በጽሑፍ ያዙት፤ ቀኑና የጻፈው ሰው ስም ያለበት ኢሜይል ይሁን። በስልክ “አዎ ይቻላል” የተባለ ነገር በኋላ ምስክር አይቆምላችሁም።

ከመንገዶቹ እኛ የሄድነው በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኩል ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፍሬሽማን ኮርሶቹን ለዓለም ከፈተ፤ አሁን ዩኒቨርሳል ለርነር ኮርስ ይሏቸዋል። የወደድሁት የክፍያው ሥርዓት ነው። ለመመዝገብ 25 ዶላር ትከፍላላችሁ፤ ተምራችሁ ተፈትናችሁ ውጤታችሁን ታያላችሁ፤ ውጤቱ ደስ ካላችሁ 400 ዶላር ከፍላችሁ በዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕት ላይ ታስመዘግቡታላችሁ። ካላስደሰታችሁ ትተዉታላችሁ፤ የትም አይጻፍም። (ዋጋ ይለዋወጣልና በምትከፍሉበት ቀን ገጹን ተመልከቱ።) 400 ዶላር የእኔ የብዙ ወር ደመወዝ ነው። በመሆኑም ከመክፈላችን በፊት ባለን የአንድ ዓመት ጊዜ ልንጠቀም ወስነናል፤ የቅበላ ደብዳቤ በእጅ ሲገባ ብቻ ይከፈላል። ተቀባይ ሳይኖር ክሬዲት መግዛት ገበያ ሳይኖር ጤፍ እንደ መጫን ነው።

በፈተና ብቻ ክሬዲት የሚያስገኙም አሉ። ክሌፕ የሚባለው ከ20 እስከ 80 ይታረማል፤ 50 ያመጣ በብዙ አሜሪካ ኮሌጆች ክሬዲት ይሰጠዋል። ኤፒ የሚባለው በየዓመቱ ግንቦት ገደማ ይሰጣል፤ ከ1 እስከ 5 ይታረማል፤ አንዳንዱ 3 ይቀበላል፣ ጠንካሮቹ 4 ወይም 5 ይላሉ። ሁለቱንም የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ነው። ዕውቀት ላለው ልጅ ፈጣን መንገዶች ናቸው፤ ነገር ግን ኤፒን ለመፈተን የተፈቀደለት ማእከል ያስፈልጋል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት፣ ያውም መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን። ሴይለር አካዳሚ ደግሞ ኮርሱን በነጻ ሰጥቶ በካሜራ ለሚጠበቀው ፈተና 5 ዶላር ብቻ ይጠይቃል። ርካሽ ነው፤ የሚቀበሉት ኮሌጆች ግን ጥቂት ስለሆኑ ደብዳቤው እዚህ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ኮርስ ልጁ ቀድሞ የሚያውቀው ይሁን። ይህን ስል የሥራ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ፤ “የሚያውቀውን ለምን ይማራል?” አሉ። የእኛ 11ኛና 12ኛ ክፍል ሂሳብ ከኮሌጅ አልጀብራ በላይ ይሄዳል፤ ልጆቻችን ማትሪክስ፣ ሊሚትና ዴሪቬቲቭ ያያሉ። የሚያስቸግራቸው አልጀብራው ሳይሆን የጥያቄው እንግሊዝኛ፣ መልስ ኮምፒውተር ላይ አጻጻፉና ቀነ ገደቡ ነው። ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ አታሸክሟቸው።

ስለ ቀነ ገደብ፦ የአሪዞና “11፡59 PM”፣ ማለትም ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ በእኛ ሰዓት በማግስቱ ከጠዋቱ 3፡59 ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ሳታውቅ የመጀመሪያውን ሳምንት በእኛ እኩለ ሌሊት እየተሯሯጠች ጨረሰችው። አሥር ሰዓት ትርፍ ነበራት! መብራት ማታ ለሚጠፋበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠዋት ተነሥቶ መጨረስ ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ ያሰቃየን ግን የልደት ቀን ነው። ሐምሌ 2000 ዓ.ም. ነው የተወለደችው፤ ስትመዘገብ እንዳለ 2000 ብላ ሞላችው። ኮምፒውተሩ በእነሱ አቆጣጠር ወስዶ ስምንት ዓመት ጨመረባት። መታወቂያ በካሜራ አሳዪ ስትባል የተተረጎመው የልደት ምስክር ወረቀቷ 2008 ይላል፤ መዝገቡ ግን 2000 ነው። እሱን ለማስተካከል አሥራ አንድ ቀን ጻፍን። ስሟም ትምህርት ቤቱ በሰጣት ካርድ ላይ በአንድ ዓይነት፣ በልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ በሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ነበር። ፓስፖርት ካለ በፓስፖርቱ ፊደል፣ ከሌለም በአንዱ ሰነድ ላይ ወስናችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚያው ጻፉ። የአያት ስም አስገቡ አታስገቡ የሚለውንም እንዲሁ።

የሚጠበቅ ፈተና ማለት በላፕቶፑ ካሜራ እየታዩ መፈተን ነው። ክፍሉን ዙሪያውን በካሜራ ታሳያላችሁ፤ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል፤ ሰው አይገባም። እኛ የመጀመሪያውን ከሰዓት በኋላ አደረግነውና የነሐሴ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ ሲወርድ ራስን እንኳ መስማት አይቻልም፤ ወዲያው መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ ነበረው፤ ኢንተርኔቱ ከስልኬ ነበር፤ ስልኬ ግን 14 በመቶ ላይ ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ ቁጥሩ ሲወርድ አያለሁ፤ ገብቼ ቻርጅ አልሰካ፣ ካሜራው ያየኛል። በ3 በመቶ ጨረሰች። በዚህ መካከል የጎረቤት ልጅ “ቡና ጠጡ ተብላችኋል” እያለች ከች! ባለቤቴ በነጠላዋ ጠቅልላ መለሰቻት።

ከዚያ ወዲያ ፈተና ሁልጊዜ ጠዋት ሆነ፤ የእኛ ክረምት ጠዋት ላይ ይታገሣል። ስልኩም ላፕቶፑም ማታ ሞልቶ ያድራል፤ ሁለተኛ ስልክ ከሌላ ሲም ጋር ይዘጋጃል፤ ጎረቤት አስቀድሞ ይነገረዋል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የከረመበትን ጊዜ የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን፣ ትምህርቱን ባገኘነው አጋጣሚ ሁሉ እያወረድን እናስቀምጣለን፤ ፈተናም እስከ መጨረሻው ቀን አናቆይም።

ሌላው፣ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ክሬዲቱን የሚሰጠው ተቋም በአገሩ እውቅና ያለው መሆኑን አጣሩ። ያመጣችሁት የውጭ ዲግሪ አንድ ቀን አገር ቤት ይሠራ ዘንድ አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ እውቅና ከሌለው ተቋም የመጣ ወረቀት እዚያ ሲደርስ ይቆማል።

ትራንስክሪፕት ደግሞ ከተቋም ወደ ተቋም በቀጥታ ነው የሚላከው። በእጃችሁ ያለው ወይም አትማችሁ የምትልኩት ቅጂ ለራሳችሁ ማስታወሻ ነው፤ ተቀባዩ ይፋዊ አድርጎ አይቆጥረውም። ለመላኪያ ክፍያ ሊኖር ስለሚችል ከ400ው ዶላር ጋር አብራችሁ አስቡት።

አልጀብራውን ኤ አመጣችበት። አሁን 12ኛ ክፍል ስለሆነች ኮርስ የሚባል ነገር እስከ ፈተናው ድረስ በዚህ ቤት አይነሣም። ከፈተናው በኋላ የምትወስደውን ግን መርጣለች፤ እንግሊዝኛ ድርሰት ነው። እንድረዳት ጠይቃኝ ነበር፤ እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ አልኋት።