ከንፈር አመጣጠጥ፦ መቼ፣ እንዴት፣ ከዚያስ?

ሰው ችግሩን ሲያጫውተን ከቃል ቀድሞ የሚመልስለት ከንፈራችን ነው። ምጽ። ሁላችንም እናውቃታለን። ሳናስብ ስለምናደርጋት ግን ብዙ ጊዜ እናበላሻታለን። እኔ ይህ የገባኝ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ ነው።

ጎረቤታችን ባሏ ሞተባት። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላም ሰው መምጣቱን አላቋረጠም። ገና በሩን ሲያልፉ ምጽ፣ ሕፃኑን ሲያዩ ምጽ፣ የሟች ጫማ በር ላይ እንደተቀመጠ ሲያዩ ደግሞ ምጽ፣ ምጽ። እሷ በእያንዳንዷ ድምፅ አንገቷን ትደፋለች። አንዲት እናት ግን አጠገቧ ተቀመጡ፣ አንዴ ብቻ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ጓዳ ገብተው የቡሃቃውን ክዳን ከፈቱ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሊፈስ ደርሷል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ምጣዱን ሰክተው፣ እንጀራውን ጋግረው ጨርሰው ሄዱ። ጎረቤቴ ዛሬም የምታነሳው እሳቸውን ነው።

እንግዲህ አመጣጠጡ። የታችኛውን ከንፈር በትንሹ ወደ ውስጥ ሰብስቡና አየር ሳብ አድርጉ። ድምፁ አጠገባችሁ ላለው ብቻ ይሰማ። ራሳችሁን ግራና ቀኝ አትወዝውዙ፤ ያኔ ሐዘኔታው ወደ «አይ የሷ ነገር» ይዞራል። አንዴ ይበቃል። ሰው ሲያወራ በየመሃሉ ከመጠጣችሁለት ወሬውን ያቋርጣል፣ የሚታዘንለት ምስኪን የሆነ ስለሚመስለው። ከዚያ «እግዜር ያጽናሽ» በሉ። «ምን ላግዝሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ «ምንም» ነው። «ነገ ልጁን ከትምህርት ቤት እኔ ላምጣው?» ብትሏት ግን እሺ ትላለች። «ከንፈር ከመምጠጥ ባለፈ» እያልን በየስብሰባው የምንናገረው እኮ ይህንኑ ነው።

የማይመጠጥበትም አለ። የታመመ ሰው ፊት በፍጹም አትምጠጡ፤ እናንተ አዝናችሁ ነው፣ እሱ ግን «አበቃልኝ ማለት ነው» ብሎ ይሰማዋል። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ መንገድ ላይ የሚሆነው ነው። ዊልቸር ላይ ያለ ወይም ነጭ በትር የያዘ ሰው ሲያልፍ የሚመጠጥለት ስንቴ ነው! ሰውየው ወደ ሥራው እየሄደ ነው። ማየት የተሳነውም ቢሆን ድምፁ በደንብ ይሰማዋል። ሰላምታ ስጡት፣ መንገድ ማሻገር ካስፈለገ ጠይቁት፣ በቃ።

ከንፈር መንከስ ሌላ ነው። እንግዳ ፊት ሦስተኛ ብስኩት ያነሳ ልጅ የእናቱን ንክሻ አይስታትም፤ የታችኛው ከንፈር በጥርስ ተይዞ ዓይን ፈጠጥ ካለ «እንግዳው ይሂድ ብቻ» ማለት ነው። ለልጅ ይሠራል። የሥራ ባልደረባ ላይ ካደረጋችሁት ግን ዛቻ ነው። ለምቦጩን የጣለ ልጅ ላይ ደግሞ አትሳቁ፣ ወዲያው ልቅሶ ይከተላል።

የቀረው መላስ ነው፣ እሱ ደግሞ የአዳማ ልጆች ጣጣ ነው። ነፋሱን ታውቁታላችሁ፤ ከከተማችን ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ በነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ፣ በአዳማ አንድ 34፣ በአዳማ ሁለት 102 ተርባይን የተተከለው በከንቱ አይደለም። በበጋ ከንፈር ይደርቃል፣ ምክንያቱም እንደ ሌላው ቆዳ ላብና ቅባት የሚያወጣለት የለም። ስንልሰው ለደቂቃ ይርሳል፣ ምራቁ ሲተን ግን የነበረውንም እርጥበት ይዞ ይሄዳል፣ ከበፊቱም ብሶ ይደርቃል። ከዚያ እንደገና እንልሳለን። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ከንፈሩን የሚልስ ሰው ደግሞ ምግቡን የጓጓ ይመስላል፣ ቃለ መጠይቅ ላይ የፈራ።

ማታ ስትተኙ ቫዝሊን ቀቡ፣ የተላጠውን በጥርስ አትንቀሉ፣ ውኃ ጠጡ። የአፍ ዳር ተሰንጥቆ ሳምንታት ካለፉት ጤና ጣቢያ ታዩ። ጠዋት ደግሞ ባጃጅ ከመያዛችሁ በፊት፣ ነፋሱ ሳያገኘው ቀቡት።