ጎበዝ ልጅ ስኮላርሺፕ የሚያጣባቸው ስህተቶች

አሜሪካ ባሉ ብዙ የሐበሻ ቤቶች ማርች ሲያልቅ የሚሆነው ነገር ተመሳሳይ ነው። ልጅቷ የቀለም ቀንድ ናት። ኮሌጅ ተቀብሏታል። ዘመድ አዝማድ እየደወለ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሏል። ከዚያ የክፍያው ደብዳቤ ይመጣል። አባት ታክሲ እየነዳ፣ እናት ሆስፒታል የሌሊት ሺፍት እየገባች የሚያገኙት ቢደመር አይሸፍነውም። «ይህን ሁሉ ውጤት ይዛ እንዴት ስኮላርሺፕ ታጣለች?» የሚለው ጥያቄ ይነሳል።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የልጅቷ አይደለም። በውጤት የሚሰጠው ስኮላርሺፕ፣ ማለትም ሜሪት የሚባለው፣ በአመዛኙ የሚወሰነው ደብዳቤው ከመምጣቱ ከወራት በፊት ነው። የት የት እናመልክት ተብሎ ዝርዝር ሲወጣ ማለት ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚሠሩትም ያኔ ነው።

ትልቅ ስም ያለው ትምህርት ቤት ለጎበዝ ይከፍላል ብሎ ማመን

ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ በአጠቃላይ ስምንቱም የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች በውጤት ብቻ የሚሰጡት ስኮላርሺፕ የለም። ኤምአይቲም እንደዚያው ነው። እዚያ የገባው ሁሉ ጎበዝ ስለሆነ አንዱን ከሌላው ለይተው አይከፍሉም። የሚረዱት የቤተሰቡን አቅም አይተው ነው።

ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ለምሳሌ ሃርቫርድ ከ2025-26 ጀምሮ፣ ብዙ ሀብት ከሌለው፣ ዓመታዊ ገቢው እስከ 200,000 ዶላር የሆነ ቤተሰብን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። እስከ 100,000 ከሆነ ደግሞ ምግቡንም መኝታውንም ይችላል። ስለዚህ «እኛ ድሃ ነን፣ ሃርቫርድ ለሀብታም ነው» ብሎ መተውም ስህተት ነው።

የሚቸገረው መሃል ላይ ያለው ነው። እናት ነርስ፣ አባት አይቲ የሚሠራበት ቤት ገቢው በወረቀት ሲታይ ብዙ ነው። የቤት ሞርጌጁና አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ግን ወረቀቱ ላይ አይታይም። ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ ዋናው መንገድ ሜሪት ነው። የልጁን ዝርዝር ስታዩት ግን ሜሪት የማይሰጡ ትምህርት ቤቶች ብቻ ተደርድረውበት ታገኛላችሁ።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አለማወቅ

ስኮላርሺፕ ሲባል ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ ታድኖ የሚገኝ ነገር ይመስለዋል። ትልቁ ገንዘብ የሚመጣው ግን ከኮሌጁ ከራሱ ነው። ብዙ የግል ኮሌጆች ድረ ገጻቸው ላይ የለጠፉትን ዋጋ ሙሉውን የሚከፍላቸው ተማሪ ጥቂት ነው። ከአማካዩ የተሻለ ውጤት ያለው ተማሪ እንዲመጣላቸው ሲሉ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ቅናሹንም ስኮላርሺፕ ብለው ይሰጡታል። ስለዚህ ልጃችሁ ገንዘብ የማግኘት ዕድሉ የሚሰፋው እዚያ ከሚገቡት ተማሪዎች በላይኛው ሩብ ውስጥ በሚሆንበት ትምህርት ቤት ነው።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። የኮሌጁን ስም ጽፋችሁ «ኮመን ዳታ ሴት» (Common Data Set) የሚለውን ጨምራችሁ ጎግል አድርጉ። ብዙ ኮሌጆች በየዓመቱ የሚያወጡት ሰነድ ነው። ርዝመቱ አያስደንግጣችሁ፤ የምትፈልጉት ሁለት ቦታ ብቻ ነው። ሲ9 (C9) የሚለው ላይ የገቡት ተማሪዎች የኤስኤቲ፣ ማለትም የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው፣ ውጤት አለ። የልጃችሁ ውጤት 75ኛ ፐርሰንታይል ከሚለው ቁጥር እኩል ወይም በላይ ከሆነ፣ ማለትም በላይኛው ሩብ ውስጥ ከሆነ፣ ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ ኤች2ኤ (H2A) ወደሚለው ውረዱ። የገንዘብ ችግር የሌለባቸው ሆነው ከኮሌጁ ስኮላርሺፕ ያገኙ ተማሪዎች ስንት እንደሆኑና በአማካይ ስንት እንደተሰጣቸው እዚያ ተጽፏል። ቦታው ዜሮ ከሆነ ያ ትምህርት ቤት ለውጤት አይከፍልም ማለት ነው። ልጁ ማመልከቻውን መሙላት ከመጀመሩ በፊት ይህን አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩት።

አንዳንዱ ትምህርት ቤት ደግሞ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ «ይህን ያህል ጂፒኤ (የሀይስኩል አማካይ ውጤት) እና ይህን ያህል ኤስኤቲ ካለህ ይህን ያህል ታገኛለህ» የሚል ሰንጠረዥ ያወጣል፤ ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ተማሪም ይሠራል። 11ኛ ክፍል ኦክቶበር ላይ የሚሰጠውን ፒኤስኤቲም ልጆች እንደ ልምምድ ብቻ ያዩታል። ናሽናል ሜሪት የሚባለው አገር አቀፍ የስኮላርሺፕ ውድድር መግቢያው ግን እሱ ፈተና ነው። ናሽናል ሜሪት ራሱ የሚሰጠው 2,500 ዶላር ነው። ነገር ግን ፋይናሊስት ለሆነ፣ ማለትም መጨረሻው ዙር ለደረሰ፣ ተማሪ እንደ አላባማና የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዳላስ ያሉት የትምህርት ክፍያውን ሙሉ የሚሸፍን ጥቅል አላቸው።

የመግቢያውን ቀን እንጂ የስኮላርሺፑን ቀን አለማየት

ብዙ ኮሌጆች ማመልከቻ የሚዘጉት ጃንዋሪ ላይ ነው። ለሜሪት የሚያዩት ግን ቀደም ብሎ ያመለከተውን ነው። ሜሪላንድና አካባቢዋ ላለን ሰዎች ቅርቡ ምሳሌ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ባነከር ኪ የሚባለው ስኮላርሺፑ፣ ሙሉውን ላገኘ ተማሪ፣ ክፍያውንም መኝታውንም ምግቡንም መጽሐፉንም ይችላል። ለሜሪት ለመታየት ኖቬምበር 1 በሚዘጋው ዙር ማመልከት ያስፈልጋል። የዘገየ ተማሪ ሊገባ ይችላል፤ ገንዘቡ ግን አልፎታል። ዩኤምቢሲ፣ ማለትም የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ፣ ያለው የማየርሆፍ ፕሮግራም ደግሞ በሳይንስና በኢንጂነሪንግ እስከ ዶክትሬት መግፋት ለሚፈልጉ በ1988 የተጀመረ ሲሆን፣ ከመግቢያው ሌላ የራሱ ማመልከቻ አለው።

ከዚህም የሚቀድሙ አሉ። ክዌስትብሪጅ፣ ገቢያቸው ዝቅ ላሉ ጎበዝ ተማሪዎች ሙሉ የአራት ዓመት ስኮላርሺፕ የሚያስገኘው ፕሮግራም፣ የሚዘጋው ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው። ኮካ ኮላ ለ150 ተማሪዎች ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር የሚሰጥበትም እንደዚሁ። 12ኛ ክፍል በተጀመረ በወሩ ማለት ነው። ዝግጅቱ 11ኛ ክፍል ካለቀ በኋላ ባለው ክረምት መጀመር አለበት።

«ኧርሊ ዲሲዥን» የሚለውን ሳያስቡ መፈረምም እዚሁ ይገባል። ከተቀበላችሁኝ ሌላውን ትቼ እመጣለሁ የሚል ቃል ነው። የመግባት ዕድል ሊጨምር ይችላል። ግን የሌሎቹን ኮሌጆች ዋጋ የማነጻጸር ዕድላችሁን ትሰጣላችሁ። ሜሪት የምትፈልጉ ከሆነ «ኧርሊ አክሽን» የሚለውን ምረጡ፤ እሱ አያስርም።

የስቴቱን ገንዘብ መርሳት

የጆርጂያው ሆፕ በሎተሪ ገንዘብ ከ1993 ጀምሮ የሚሠራ ስኮላርሺፕ ነው፤ ሀይስኩልን በ3.0 ጂፒኤ የጨረሰ የስቴቱ ነዋሪ ያገኘዋል። 3.7 ጂፒኤና ኤስኤቲ 1200 ወይም ኤሲቲ በሚባለው ሌላው የመግቢያ ፈተና 25 ያመጣ ደግሞ ዜል ሚለር የሚባለውን ከፍ ያለውን ያገኛል። ላስቬጋስ ላላችሁ የኔቫዳው ሚሌኒየም ስኮላርሺፕ 3.25 ጂፒኤ ይጠይቃል፤ በጠቅላላ እስከ 10,000 ዶላር ነው። ስቴት ለመቀየር የምታስቡ ወላጆች የነዋሪነቱን ሕግ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ መዛወር ይህን ሁሉ ሊያሳጣ ይችላል።

«ፋፍሳ እኛን አይመለከትም»

አንዳንዱ ገቢዬ ብዙ ነው ብሎ ይተወዋል። ሌላው መንግሥት ጉዳዬን ባያይ ይሻላል ብሎ ይፈራል። ፋፍሳ በአብዛኛው ኦክቶበር 1 የሚከፈት፣ በነጻ የሚሞላ የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ፎርም ነው። አንዳንድ ኮሌጆችና ስቴቶች በውጤት ለሚሰጡት እንኳ ይጠይቁታል። በዲቪ የመጡ ግሪን ካርድ ያላቸውና ጥገኝነታቸው የጸደቀላቸው ተማሪዎች ለፌዴራል እርዳታ ይፈቀድላቸዋል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ወይም ቲፒኤስ በሚባለው ጊዜያዊ ከለላ ላይ ያለ ተማሪ ከፌዴራል አያገኝም። እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ማቆም ነው ስህተቱ። አንዳንድ ኮሌጆች ከራሳቸው ኪስ ለሚሰጡት ሜሪት የኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠይቁም። ለየኮሌጁ የአድሚሽን ቢሮ ኢሜይል ጽፎ መጠየቅ ነው።

ልጁ ራሱን መደበቁ

ይህ እኛን በተለይ ይመለከተናል። ልጆቻችንን ጨዋ አድርገን ነው የምናሳድገው። ስለ ራስ ማውራት ነውር ነው። መምህር ፊት ዝቅ ማለት ነው። ቤት ውስጥ የሚያምርበት ይህ ጠባይ ማመልከቻ ላይ ሲደርስ ይጎዳዋል።

ማመልከቻው ከትምህርት ውጪ ምን ትሠራለህ ብሎ ይጠይቃል። ልጁ ያስባል። ክለብ የለኝም፣ ስፖርት የለኝም ይላል። ባዶ ይተወዋል፤ ወይም አንድ ነገር ጽፎ ያልፋል። ይኸው ልጅ ግን እናቱ ሥራ ስትገባ ሁለት ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት አምጥቶ፣ ምግብ አሙቆ፣ የቤት ሥራ አሠርቶ ያስተኛል። አያቱን ክሊኒክ ወስዶ ያስተረጉማል። ቅዳሜና እሑድ የአጎቱ ሱቅ ካሽ ሬጅስተር ላይ ይቆማል። ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ያስጠናል። ኮመን አፕ የሚባለው ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚጠቀሙበት ማመልከቻ የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል ምድብ አለው፤ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነም ይጠይቃል። ይህ ሁሉ እዚያ መጻፍ አለበት፤ በሰዓት ተለክቶ፣ ሳይጋነን። «ቤተሰቤን እረዳለሁ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። «ከሰኞ እስከ ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ ከ3 እስከ ምሽቱ 8 ሰዓት የ6 እና የ9 ዓመት እህቶቼን እጠብቃለሁ» ሲባል ግን አንባቢው ልጁን ያየዋል። ወላጆች፣ ይህን ጻፍ በሉት። ከእናንተ አፍ ካልሰማ የሚያኮራ ነገር መሆኑን አያውቅም።

የድጋፍ ደብዳቤውም ያው ነው። ዝምተኛ ተማሪ መቶ ቢያመጣም መምህሩ ስለ እሱ የሚጽፈው ያጣል። ልጁ ደብዳቤ ሲጠይቅ አንድ ገጽ ጽፎ ይስጥ፤ በክፍሉ ምን ፕሮጀክት እንደሠራ፣ የት ላይ ተቸግሮ እንደተወጣው፣ ምን መማር እንደሚፈልግ። ካውንስለሩንም ገና 11ኛ ክፍል እያለ ሄዶ ያናግር። ፖሲ የሚባለውን ሙሉ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ተማሪ ራሱ አያመለክትበትም። ትምህርት ቤቱ ወይም አንድ የማኅበረሰብ ድርጅት መጠቆም አለበት። ካውንስለሩ የማያውቀውን ልጅ አይጠቁምም።

ትልልቆቹን ብቻ ማሳደድና ለማመልከቻ መክፈል

በአገር ደረጃ የሚታወቁት ስኮላርሺፖች በጣም ብዙ ሰው ይወዳደርባቸዋል። ቅርብ ያሉት ግን ይረሳሉ። የወላጅ መሥሪያ ቤት፣ ሆስፒታሉ፣ ዩኒየኑ፣ ክሬዲት ዩኒየኑ፣ የካውንቲው ኮሚዩኒቲ ፋውንዴሽን፣ ቤተክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ። የተወዳዳሪው ቁጥር ያነሰ ስለሆነ ዕድሉ የተሻለ ነው። ግን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ከውጭ ገንዘብ ሲመጣ ኮሌጁ የራሱን ይቀንሳል ወይ? ብዙዎች ይቀንሳሉ። ሜሪላንድ በ2017 የመንግሥት ኮሌጆቿን በዚህ ላይ የሚገድብ ሕግ አውጥታለች። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ቢያንስ መጀመሪያ ሎኑን እንዲቀንስላችሁ ጠይቁት።

«ይህን ያህል ክፈሉና ስኮላርሺፕ እናስገኝላችኋለን» የሚል ሰው ከመጣ ዝጉት። እርግጠኛ ስኮላርሺፕ የሚሸጥ የለም። የባንክ ቁጥር ወይም ሶሻል ሴኩሪቲ በስልክ ለሚጠይቅም አትስጡ።

የአራት ዓመቱን አለማስላት

ደብዳቤው ላይ «አዋርድ» በሚል ርዕስ ሥር ስኮላርሺፕም ሎንም አብሮ ይደረደራል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከፌዴራል የሚወስደው እስከ 5,500 ዶላር ብድር ነው፤ ይመለሳል። ለወላጅ የሚቀርበው ፕላስ የሚባለውም ብድር ነው። ሁለቱን ሰርዙና የቀረውን ብቻ ከጠቅላላው ወጪ ቀንሱ። ለምሳሌ 70,000 ዶላር የሚያስከፍል ኮሌጅ 30,000 ቢሰጥ፣ ከናንተ የሚጠበቀው 40,000 ነው። 32,000 የሚያስከፍለው የስቴት ዩኒቨርሲቲ 6,000 ብቻ ቢሰጥም 26,000 ይቀራል። ትልቁ ስኮላርሺፕ ሁልጊዜ ትንሹን ወጪ አያመጣም። በአራት ዓመት ልዩነቱ 56,000 ዶላር ነው።

ስኮላርሺፑ ለመቀጠል ስንት ጂፒኤ እንደሚጠይቅም እዩ። 3.0 የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቁም አሉ። በመጀመሪያው ዓመት ካልኩለስና ኬሚስትሪ አንድ ላይ ለሚወስድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ይህ ቀላል አይደለም። አንድ ሴሜስተር ዝቅ ቢል ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ ወይስ ወዲያው ይቆረጣል? ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለገባ አይሰጥም ማለት

ሞንትገመሪ ኮሌጅና ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ብዙ የኛ ልጆች አሉ። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ በትራንስፈር ሲሄዱ ስኮላርሺፕ ያለ አይመስላቸውም። ጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚዘዋወሩ ተማሪዎች በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይሰጣል። ፋይ ቴታ ካፓ የሚባለው የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የክብር ማኅበር አባል ለሆነ ተማሪ ለብቻው ስኮላርሺፕ የሚያስቀምጡ ዩኒቨርሲቲዎችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ የማኅበሩ ግብዣ ኢሜይል ሲመጣ እንደ ማስታወቂያ አይቶ መሰረዝ አይገባም። በሌላ በኩል ለፍሬሽማን፣ ማለትም ለአዲስ ገቢ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ የተመደበው ትልቅ ሜሪት ሀይስኩልን ጨርሶ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለተመዘገበ ተማሪ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። «ለአንድ ዓመት ብቻ እዚያ ልቆይ» የሚል ልጅ ካላችሁ፣ ከመመዝገቡ በፊት በኋላ ሊገባበት ወደሚያስበው ዩኒቨርሲቲ ደውሎ እንደ ፍሬሽማን ይቆጠር እንደሆነ ይጠይቅ።