ለቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የቃላት ፕሮብሌሞችን እንዴት እንለማመድ?

በቢዝነስ አስተዳደር ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክት ሰው ብዙውን ጊዜ ጂማት ወይም ጂአርኢ የተባለውን ፈተና ይወስዳል። በሁለቱም ፈተናዎች የሒሳብ ክፍል የሚጠየቀው ዕውቀት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚያልፍ አይደለም፤ ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ ንጥጥር፣ አማካይ፣ ቀላል አልጀብራና የመሳሰለው ነው። ሆኖም ካልኩለስን ያለ ችግር ያለፉ ኢንጂነሮች ጭምር ስለ ሁለት ቧንቧዎችና ስለ አንድ ገንዳ በሚያወራ የአራት መስመር የቃላት ፕሮብሌም፣ ማለትም በታሪክ መልክ በቀረበ የሒሳብ ጥያቄ ላይ ተሰናክለው ሲቀሩ ይታያል። የሚያሰናክላቸው ታሪኩን ወደ ሒሳብ መመለሱ ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ችሎታ ሆኖ ሳለ ለብቻው የሚለማመደው ሰው እምብዛም የለም። ስለዚህ ይህ መመሪያ በአብዛኛው የሚያተኩረው በንባቡ ላይ ነው፤ ማባዛትና ማካፈልን የረሳ አንባቢ ቢኖር እነርሱን አስቀድሞ ከልሶ መምጣት ይኖርበታል።

ልምምዱን ከመጀመርዎ በፊት የሚወስዱትን ፈተና መልክ በትክክል ይወቁ። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በሚሰጠው የጂማት ቅርጽ የሒሳቡ ክፍል 21 ጥያቄዎች በ45 ደቂቃ የሚሠሩበት ነው፤ ይህም ለአንድ ጥያቄ ከ2 ደቂቃ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚበልጥ ጊዜ ይሰጣል። በዚህ ክፍል ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ የጂኦሜትሪ ጥያቄም ቀርቷል፤ በዚህም የተነሳ የቃላት ፕሮብሌሞች ድርሻ ቀላል አይደለም። ጂአርኢ በበኩሉ ሁለት የሒሳብ ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ፣ ሌላው 15 ጥያቄ በ26 ደቂቃ ሲሆን፣ በስክሪኑ ላይ ካልኩሌተር ያቀርባል፤ ጂኦሜትሪንም ይጠይቃል። ጂማትን የሚወስድ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ካልኩሌተሩን አርቆ ማስቀመጥ አለበት። ያለ ካልኩሌተር መሥራትን ለመጨረሻው ሳምንት ብሎ የሚያቆየው ሰው የእጅ ስሌቱ የሚወስድበትን ጊዜ ሳያውቅ ፈተናው ውስጥ ይገባል።

ሳይፈቱ መለማመድ

የመጀመሪያው ልምምድ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ጥያቄዎቹን አለመፍታት ነው። አሥር የቃላት ፕሮብሌሞችን ይውሰዱና ለእያንዳንዳቸው ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉ። በመጀመሪያ ጥያቄው በመጨረሻ የሚፈልገው ምን እንደሆነ በአንድ አጭር ሐረግ ያስፍሩ፤ ለምሳሌ «የቀረው መጠን በሊትር»። ቀጥሎ እያንዳንዱ ፊደል ምንን እንደሚወክል ከነመለኪያው ይጻፉ። በመጨረሻም የእኩልነት ዓረፍተ ነገሩን አስቀምጠው፣ ስሌቱን ሳይነኩ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይለፉ። አሥሩም ሲያልቁ የጻፉትን ከመፍትሔው ጋር ያነጻጽሩ። ስሌቱ ከመንገድ ስለተነሳ፣ የተሳሳቱት ከንባቡ ከሆነ ስህተቱ ፊት ለፊት ይታያል።

የሚፈለገውን ነገር አስቀድሞ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ፈተና አዘጋጆቹ የመንገድ ላይ ውጤቶችን ከምርጫዎቹ መካከል ማስቀመጥ ስለሚወዱ ነው። የሁለተኛውን ማሽን ፍጥነት አግኝተው ሲደሰቱ ያ ቁጥር ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠብቅዎታል፤ የተጠየቀው ግን የሁለቱ ማሽኖች ልዩነት ነበር።

ጂማት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ ተጨማሪ ድልድይ አለ፤ ይህ ድልድይ ግን ሸክም ብቻ አይደለም፣ ጥቅምም አለው። እንግሊዝኛው «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ» ሲል 5 አስቀድሞ ስለሚመጣ የቸኮለ እጅ «5 ሲቀነስ ኤክስ» ብሎ ይጽፋል። ትክክሉ «ኤክስ ሲቀነስ 5» ነው። ይህንኑ ሐረግ በአማርኛ «ከኤክስ በ5 የሚያንስ» ብለን ብናስበው መነሻው አስቀድሞ ይመጣና የቃሉ ቅደም ተከተል ከሒሳቡ ቅደም ተከተል ጋር አንድ ይሆናል። በመቶኛም ላይ እንዲሁ ነው። «ፐርሰንት ሞር ዛን» እና «ፐርሰንት ኦፍ» በእንግሊዝኛ ተቀራራቢ ሆነው ሲያሳስቱ፣ በአማርኛ ግን «ከአምናው ሽያጭ በ20 በመቶ የሚበልጥ» እና «የአምናው ሽያጭ 20 በመቶ» ፈጽሞ አይመሳሰሉም። የፊተኛው የአምናው ሽያጭ በ1.2 ሲባዛ ነው፣ የኋለኛው ደግሞ በ0.2 ሲባዛ። «ከ» ወይም «የ» የተለጠፈበት ቃል የመቶኛው መነሻ እንደሆነ ልብ ይበሉ። ሙሉውን ጥያቄ መተርጎም ጊዜ ያባክናል፤ እንዲህ ያሉትን የማነጻጸሪያ ሐረጎች ብቻ በሐሳብ ወደ አማርኛ መመለስ ግን ሁለት ሰከንድ አይወስድም።

ሌላው የታወቀ ወጥመድ የእጥፍ ጉዳይ ነው። «ለእያንዳንዱ ተቆጣጣሪ 8 ሠራተኞች አሉ» የሚለውን አንብቦ 8ሠ = ተ ብሎ የሚጽፍ ጀማሪ ብዙ ነው፤ ቁጥሩ ከሠራተኞቹ አጠገብ ስለተቀመጠ እዚያው ይለጥፈዋል። ፊደሎቹ ግን የሚወክሉት ብዛትን ነው። ተቆጣጣሪዎቹ 2 ቢሆኑ ሠራተኞቹ 16 ይሆናሉና ትክክለኛው ሠ = 8ተ ነው። መድኃኒቱም ይኸው ነው፤ የእኩልነት ዓረፍተ ነገሩን እንደጻፉ ትንሽ ቁጥር ከትተው ከታሪኩ ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ።

በዓይነት በዓይነቱ መሥራት

ንባቡ ሲስተካከል ጥያቄዎቹን በዓይነታቸው ሰብስቦ መሥራት ይገባል፤ ታሪኮቹ ይለያያሉ እንጂ አጥንታቸው ጥቂት ነው።

በመቶኛ ጥያቄዎች ላይ 100ን መነሻ ማድረግ አብዛኛውን ጣጣ ያቃልላል። ዋጋው በ25 በመቶ ጨምሮ ከዚያ በ20 በመቶ የቀነሰ ዕቃ ምን ላይ ደረሰ? 100 ወደ 125 ይወጣል፤ የ125 አንድ አምስተኛ 25 ስለሆነ ተመልሶ 100 ይሆናል። ጭማሪውንና ቅናሹን አቀናንሶ «5 በመቶ ጨምሯል» የሚል ተፈታኝ የሁለተኛው መቶኛ መነሻ መለወጡን ዘንግቷል። በቢዝነስ ፈተና ደግሞ ትርፍ ከወጪው አንጻር ይሁን ከመሸጫው አንጻር መለየት አለበት፤ በወጪው ላይ 25 በመቶ ያተረፈ ነጋዴ በመሸጫው ዋጋ ሲለካ ያተረፈው 20 በመቶ ነው።

የፍጥነትና የሥራ ጥያቄዎች ሰፋ ያለ ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል፤ ብዙ ሰው ነጥብ የሚጥልባቸው እነዚህ ናቸው። መኪና ሲሄድ በሰዓት 60፣ ሲመለስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ አማካይ ፍጥነቱ 50 አይደለም፤ በዝግታ የተጓዘበት ሰዓት ይበልጣልና። መንገዱ አንድ ጊዜ 120 ኪሎ ሜትር ነው ብለው ያስቡ፤ ለመሄድ 2 ሰዓት፣ ለመመለስ 3 ሰዓት ይፈጃል፤ ጠቅላላው 240 ኪሎ ሜትር ለ5 ሰዓት ሲካፈል 48 ይመጣል። እዚህ ላይ 120ን የመረጥነው ለ60ም ለ40ም ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ብቻ ነው።

ይህ ተስማሚ ቁጥር የመምረጥ ዘዴ በሥራ ጥያቄዎች ላይ የበለጠ ይጠቅማል። አንድ ማሽን አንድን ሥራ በ6 ሰዓት፣ ሌላው ማሽን ያንኑ ሥራ በ12 ሰዓት ይጨርሳል እንበል። የመጀመሪያው ብቻውን 2 ሰዓት ከሠራ በኋላ ሁለተኛው ቢጨመር ሥራው በጠቅላላ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በክፍልፋይ መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን ሥራው 12 ዕቃ ማምረት ነው ብለን ብንነሣ የመጀመሪያው ማሽን በሰዓት 2፣ ሁለተኛው በሰዓት 1 ያመርታል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓቶች 4 ዕቃ ተመረተ፤ 8 ቀረ። አሁን አብረው በሰዓት 3 ስለሚያመርቱ ቀሪው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ጠቅላላው 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስዳል። እዚህ ላይ የሚታወሰው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ አብረው ለሚሠሩ የሚደመረው በሰዓት የሚሠሩት መጠን እንጂ የሚፈጅባቸው ሰዓት አይደለም። ቀመሩን በቃል ከመያዝ ይልቅ ይህን መረዳት ይሻላል የምለው፣ አንዱ ማሽን በመሐል ሲቆም ወይም ገንዳው ከሥር ሲያፈስ በቃል የተያዘ ቀመር ስለሚከዳ ነው።

የድብልቅ ጥያቄዎች የአማካይ ጥያቄዎች ወንድም ናቸው። የጨው መጠኑ 20 በመቶ የሆነ 30 ሊትር ውኃ አለ፤ 30 በመቶ እንዲሆን 50 በመቶ ጨው ያለው ውኃ ስንት ሊትር ይጨመርበት? ከ20 እስከ 30 ያለው ርቀት 10 ነው፣ ከ50 እስከ 30 ያለው ደግሞ 20። ወደ ግቡ የቀረበው በብዛት ይገባል፤ ስለዚህ ቀጭኑ (ባለ 20 በመቶው) ከወፍራሙ (ከባለ 50 በመቶው) ጋር 2 ለ 1 ይደባለቃል፣ የሚጨመረውም 15 ሊትር ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ 6 ሊትርና 7.5 ሊትር ጨው ተደምሮ 13.5 ይሆናል፣ ይህም የ45 ሊትር 30 በመቶ ነው።

የተደራራቢ ስብስቦችን ጥያቄ በሠንጠረዥ መሥራት ይለማመዱ። ከ120 አመልካቾች 70ዎቹ የሥራ ልምድ ቢኖራቸው፣ 50ዎቹ ኢኮኖሚክስ ቢያጠኑ፣ 20ዎቹ ከሁለቱ አንዱም ባይኖራቸው፣ ቢያንስ አንዱ ያላቸው 100 ናቸው፤ 70 እና 50 ተደምረው ከ100 የሚተርፉት 20 ሰዎች ሁለቱንም አሟልተዋል ማለት ነው።

ምርጫዎቹም መረጃ ናቸው

በትምህርት ቤት ከምርጫ ተነሥቶ መሥራት እንደ ማጭበርበር ይቆጠር ስለነበር ብዙዎቻችን ይህን መንገድ እንንቀዋለን። በዚህ ፈተና ግን አሠራርን የሚያርም መምህር የለም። 6 ዶላር እና 9 ዶላር የሆኑ 40 ትኬቶች በጠቅላላ በ303 ዶላር ቢሸጡ፣ ባለ 9 ዶላሮቹ ስንት ናቸው? ምርጫዎቹ 15፣ 17፣ 19፣ 21 እና 23 ናቸው። መካከለኛውን እንሞክር፤ 19 ቢሆኑ 171 እና 126 ተደምሮ 297 ይሆናል። 6 ዶላር ጎደለ። አንድ ርካሽ ትኬት በውድ በተተካ ቁጥር ድምሩ 3 ስለሚጨምር ሁለት ትኬት ይተካል፤ መልሱ 21 ነው። ሙከራው ባይሳካም እንኳ የጎደለው መጠን ወደ መልሱ መርቶናል። እያንዳንዱን የልምምድ ጥያቄ አንድ ጊዜ በአልጀብራ፣ አንድ ጊዜ በቁጥር ወይም ከምርጫዎቹ ተነሥተው ቢሠሩት፣ ለየትኛው ዓይነት የትኛው መንገድ እንደሚፈጥን በራስዎ ያውቁታል።

የስህተት መዝገብ

በቀን ሃምሳ ጥያቄ ሠርቶ መልሱን ብቻ አይቶ ማለፍ ድካም እንጂ ልምምድ አይደለም። አሥራ አምስት ጥያቄ ሠርቶ ሰፊውን ጊዜ ለስህተቶቹ መስጠት ይበልጣል። ለተሳሳቱት ሁሉ፣ እንዲሁም በዕድል ወይም ከሦስት ደቂቃ በላይ ፈጅተው ላገኙት ጥያቄ፣ በደብተር ላይ ምክንያቱን ይጻፉ። «ግድየለሽነት» የሚለው ቃል ከመዝገቡ መታገድ አለበት፤ ምንም አያስተምርምና። «መነሻውን የዘንድሮ ሽያጭ አደረግሁት»፣ «ደቂቃውን ወደ ሰዓት አልቀየርሁም»፣ «የተጠየቀው የቀረው ነበር» የሚል ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚለማመዱ ይነግርዎታል። መፍትሔውን ካዩ በኋላ ገጹን ዘግተው ጥያቄውን ከባዶ ወረቀት ይሥሩት፤ ከሳምንት በኋላም ይድገሙት። የሰው መፍትሔ ሲነበብ ሁሉም ግልጽ ይመስላል፤ ራስን ሳይፈትኑ ያንን ግልጽነት ማመን አይገባም።

ሰዓትን ማስገባት

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ሰዓት ይሥሩ። ከዚያ በ15 ደቂቃ 7 ጥያቄ የሚሠራበትን አጭር ስብስብ ይጀምሩ፤ ይህ የጂማት ክፍል አንድ ሦስተኛ ነውና ልኩ ትክክል ነው። አሁን ዓይነቶቹ መቀላቀል አለባቸው፤ ፈተናው «ይህ የድብልቅ ጥያቄ ነው» ብሎ አይነግርምና ዓይነቱን ማወቅም የልምምዱ አካል ነው። አንድ ደቂቃ አልፎ የእኩልነት ዓረፍተ ነገር ካልጻፉ፣ ማስወገድ የሚችሉትን ምርጫ አስወግደው ይገምቱና ይለፉ የሚል ጥብቅ ደንብ ለራስዎ ያውጡ። ሙሉ የሙከራ ፈተና ሲደርስ ከባለቤቶቹ የሚገኘውን ይጠቀሙ፤ ጂማት በኤምቢኤ ዶት ኮም ላይ፣ ጂአርኢም በአዘጋጁ ኢቲኤስ በኩል ሁለት ሁለት ነጻ የሙከራ ፈተና ያቀርባሉ። ሁለቱንም በመጀመሪያው ሳምንት አይጨርሷቸው።

በእነዚህ የሙከራ ፈተናዎች ላይ የመመለሻ ደንቡንም ይለማመዱ። ጂማት ጥያቄ ላይ ምልክት አድርጎ ክፍሉ ሲያልቅ ወደ እርሱ ተመልሶ ማየትን ይፈቅዳል፤ በአንድ ክፍል የሚቀየረው መልስ ግን ከሦስት አይበልጥም፣ መመለስም የሚቻለው ከ45 ደቂቃው የተረፈ ጊዜ ካለ ነው። ስለዚህ ምልክት የሚደረግበት ጥያቄ የእኩልነት ዓረፍተ ነገሩ ተጽፎ ስሌቱ ብቻ ያጠራጠረ መሆን አለበት፤ ታሪኩ ጭራሽ ያልገባዎትን ግን በግምት ትተውት ይለፉ፤ በቀሩት ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ አይገለጥልዎትም።